የመኪና ሚኒሞና የትሮትል ሴንሰር አስተካከል
ለዕቃ ሻጩ፣ ለጋራዡና ለባለመኪናው የሚጠቅም ማስታወሻ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል አምቦ የሚደርሰው፣ ከዚያም ጉደርን፣ ጌዶንና ባኮን እያለፈ ወደ ነቀምት የሚዘልቀው መንገድ ለምዕራብ ሸዋ ነጋዴ የኑሮው መሠረት ነው። ጤፉና ስንዴው፣ የጀልዱ ድንችና ገብስ፣ የባኮ በቆሎ በዚህ መንገድ ይወጣል፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆርቆሮው፣ ሳሙናውና የመኪና መለዋወጫው በዚሁ መንገድ ይገባል። ስለዚህ የነጋዴ መኪና አንድ ቀን ከጋራዥ ውሎ ሲያድር ጉዳቱ የጥገና ሒሳብ ብቻ አይደለም። የገበያ ቀን ያለፈው ዕቃ እስከሚመጣው ገበያ ድረስ ይቆያል፤ ቀጠሮ የተሰጠው ደንበኛም ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ሲመለከቱት ትንሽ የሚመስል፣ ነገር ግን በሻጭና በገዢ፣ በባለመኪናና በመካኒክ መካከል ብዙ ጠብ ያስነሣ ነው። ይኸውም በቤንዚን የሚሠራ መኪና ትሮትል ቦዲው ተለውጦ አዲሱ ከገባ በኋላ ሞተሩ በሥርዓት አላርፍ የሚልበት ምክንያትና መፍትሔው ነው። በናፍጣ የሚሠሩት አይሱዙዎችና ሚኒባሶች የሚኒሞ አስተካከላቸው በሌላ መንገድ ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ አልተጠቃለሉም።

ለነጋዴ የሚያገባው ስለ ምንድን ነው

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ወደ አገር የሚያስገባ ሰው ከባድ ታክስ እንዲከፍል አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በውጭ ገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ዋጋው በብር ሲቆጠር ከፍ አለ። ከእነዚህ ሦስት ነገሮች የምንረዳው አንድ ቁም ነገር ነው፤ አሁን በእጃችን ያለችው የቤንዚን መኪና ገና ለብዙ ዓመታት እንድታገለግለን ያስፈልጋል። መለዋወጫ ነጋዴውም የሚያመጣው እያንዳንዱ ዕቃ ውድ በሆነ የውጭ ምንዛሪ የተገዛ መሆኑን ሊዘነጋው አይገባም። ደኅናውን ዕቃ «ብልሹ ነው» ብሎ መጣል የአንድ ሱቅ ኪሳራ ብቻ ሳይሆን የአገር ኪሳራ ነው።

ይህን የሚጽፈው ሰው በአንድ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት የሚሠራ በመሆኑ፣ ደረሰኝና የአቤቱታ ደብዳቤ በየቀኑ በእጁ ያልፋል። ካየኋቸው ጉዳዮች አንዱን ላውሳ። የንግድ ቤታችን አሮጌ ኮሮላ የትሮትል ቦዲው ዘንግ በማርጀቱ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ተገዝቶ መጣለትና ጋራዥ ገባ። ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ዙር ላይ ቆሞ አልወርድ አለ። መካኒኩ «ዕቃው ብልሹ ነው» ሲል ፈረደ። ሾፌሩ አዲስ አበባ ሄዶ ዕቃውን አስለውጦ ተመለሰ፤ ሁለተኛውም እንደ ፊተኛው ሆነ። ባለሱቁና ጌታዬ የብዙ ዓመት ደንበኞች ሲሆኑ፣ በስልክ የተነጋገሩት ቃል ግን የሚያስማማ አልነበረም።

«ጌታዬ፣ ሁለት ጊዜ ደኅና ዕቃ ሰጥቼዎታለሁ፤ ሦስተኛ አልጨምርም» አለ ባለሱቁ።

«እኔስ ሁለት ጊዜ ገንዘቤንና ቀኔን መስጠቴን ምን ልበለው?» አሉት ጌታዬ።

በመጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ተጠርተው መጡ። እርሳቸውም ዕቃውን ከመፍታታቸው በፊት ቴስተር አውጥተው ለኩ። የአዲሱ ሶኬት ከመኪናው ሽቦ ጋር ስላልገጠመ የአሮጌው ሴንሰር ሁለቱንም ጊዜ ሳይለካ ታስሮ ነበር፤ በሩ ተዘግቶ ሳለ የሚያሳየው ቁጥር 1.1 ቮልት ሆኖ ተገኘ። ጓርኒሲዮኑም የቀድሞው ስለ ነበር በአንድ ጎኑ ተቀድዶ አየር ያስገባል። ጓርኒሲዮኑ ተለወጠ፤ ሴንሰሩም ተስተካከለ፤ ሥራው ከአንድ ሰዓት አላለፈም። ሁለቱም ዕቃዎች ደኅና ነበሩ። የጠፋው ግን ሁለት የአዲስ አበባ ጉዞ፣ አንድ የገበያ ቀንና ለመጠገን ከመኪና ይልቅ የሚያስቸግረው የሁለት ነጋዴዎች መተማመን ነው።

የዕቃው ጠባይና ሥራ

ትሮትል ቦዲ ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ በሚገባው አየር መንገድ ላይ የተቀመጠ፣ በውስጡ ክብ የብረት በር ያለው የአሉሚኒየም ቧንቧ ነው። ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ ገመድ በሩን ይስበዋል፤ በሩ ሲከፈት አየር ይገባል፤ ኮምፒውተሩም በገባው አየር ልክ ቤንዚን ያስረጫል። ስለዚህ እኛ በልማድ «ነዳጅ መስጠት» የምንለው በእውነቱ አየር መስጠት ነው።

በሩ ተዘግቶ ሞተሩ ቆሞ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር የጋራዥ ሰዎች «ሚኒሞ» ይሉታል። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ዝቅተኛ» ማለት ነው። በሩ በተዘጋ ጊዜም ሞተሩ እንዳይታፈን ጥቂት አየር ያስፈልገዋል። ይህ አየር የሚገባው በሦስት መንገድ ነው፤ በበሩ ጠርዝ በቀረው ቀጭን ክፍተት፣ በጎን በተሠራ ትንሽ ቀዳዳና ኮምፒውተሩ በሚያዘው የሚኒሞ ቫልቭ በኩል።

ሴንሰሩ ደግሞ በበሩ ዘንግ ጫፍ ላይ የሚታሰር ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። በብዙዎቹ ላይ ሦስት ሽቦዎች አሉት። አንዱ ከኮምፒውተሩ 5 ቮልት ያመጣል፤ አንዱ ኔጋቲቭ ነው፤ ሦስተኛው በሩ ምን ያህል እንደ ተከፈተ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። አንዳንድ አሮጌ የቶዮታ ሴንሰሮች አራተኛ ሽቦ አላቸው፤ ይህም በሩ ፈጽሞ መዘጋቱን ብቻ የሚያመለክት ነው።

በካርቡራቶር ዘመን መካኒኩ ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ እያዞረ፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ሰጥቶ ሚኒሞውን ያወጣ ነበር። ዛሬም ካርቡራቶር ባለው ሞተር ላይ ይህ ጥበብ የሚከበር ነው። ዳሩ ግን ኮምፒውተር ባለው መኪና ላይ ጆሮ ብቻውን አይበቃም፤ ኮምፒውተሩ የሚሠራው በሴንሰሩ ቃል ነውና። ሴንሰሩ «በሩ ጥቂት ተከፍቷል» ብሎ ካሳሳተው፣ ኮምፒውተሩ ሾፌሩ ነዳጅ የረገጠ መስሎት ሚኒሞውን መቆጣጠር ይተዋል። በሩ ፈጽሞ መዘጋቱን ተነግሮት ሳለ በሌላ ቀዳዳ ብዙ አየር ከገባ ደግሞ ዙሩ ከፍ ይላል፤ ኮምፒውተሩም ቁልቁለት የሚወርድ መኪና መስሎት ቤንዚኑን ይቆርጣል፤ ዙሩ ሲወድቅ መልሶ ይሰጣል። ሞተሩ እንደሚተነፍስ ሰው «ው…ው…» እያለ ሲወጣና ሲወርድ የምንሰማው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ከመፍታት በፊት

አንደኛ፣ ዕቃው በእውነት መለወጥ ያስፈልገው እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ብዙ ጊዜ በሩን የሚያስቸግረው የጥላሸትና የአቧራ ክምር ነው። ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ማጽጃና በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ሊበቃ ይችላል። በአንዳንድ በሮች ጠርዝ ላይ ከፋብሪካ የተቀባ ቀለም ስላለ በቢላዋ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅና የባትሪውን ኔጋቲቭ መፍታት ነው። በብዙ መኪናዎች ትሮትል ቦዲውን የሚያሞቅ የራዲያተር ውኃ በትናንሽ ጎማዎች ስለሚያልፍበት፣ በሞቀ ሞተር ላይ የሚፈታ ሰው እጁን ያቃጥላል።

ሦስተኛ፣ የሁለቱን ብረቶች መጋጠሚያ አጽድቶ አዲስ ጓርኒሲዮን ማግባት፣ ብሎኖቹንም አንዱን ጨርሶ ሳያጠብቁ በመስቀለኛ ተራ በተራ ማጥበቅ ነው። ቀጫጭኖቹ የአየር ጎማዎች ሁሉ ወደ ቦታቸው መመለሳቸውንና አለመሰንጠቃቸውን ማየት ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ገመዱን መመልከት ነው። ገመዱ ተወጥሮ በሩን ከፍቶ ከያዘው ቀጥሎ የሚደረገው ልኬት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በሩ ፈጽሞ ሲዘጋ ገመዱ ጥቂት ልል መሆን አለበት፤ አንድ ሰው ከውስጥ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ሲረግጥም በሩ ፈጽሞ መከፈት አለበት።

የሴንሰሩ አስተካከል

ሥራው በቅደም ተከተል ይሁን፤ ሴንሰሩ ሳይስተካከል ሚኒሞ አይነካም። ሚኒሞውን አስቀድሞ የነካ ሰው በተሳሳተ መሠረት ላይ ቤት እንደሚሠራ ሰው ነው።

ሴንሰሩ የሚታሰርባቸው ሁለት ብሎኖች ቀዳዳቸው ሞላላ ከሆነ መሣሪያው ወዲያና ወዲህ መዞር ይችላል ማለት ነው። ቀዳዳው ክብ ከሆነ ግን ፋብሪካው እንዲስተካከል አልፈለገም፤ እንዲህ ያለውን በሞረድ አስፍቶ ለማዞር መሞከር ዕቃውን ማበላሸት ነው።

ባትሪውን መልሶ ማሰር፣ ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ብቻ መክፈት፣ የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ በኔጋቲቩ፣ ቀዩን በመልእክተኛው ሽቦ ላይ በሶኬቱ ጀርባ በኩል በጥንቃቄ ማድረግ ይገባል። ሽቦውን መላጥ አያስፈልግም። አስቀድሞ 5 ቮልት መምጣቱን ማረጋገጥ ነው፤ ይህ ካልመጣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከሽቦው ወይም ከኮምፒውተሩ እንጂ ከሴንሰሩ አይደለም።

ከዚያ በኋላ በሩ ፈጽሞ ተዘግቶ ሳለ ቁጥሩን ማንበብ ነው። ትክክለኛው ቁጥር በመኪናው የጥገና መጽሐፍ የተጻፈው ነው። ለግምት ያህል በብዙ መኪናዎች 0.5 ቮልት አካባቢ ሲሆን፣ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ከ0.3 እስከ 0.8 ቮልት ድረስ ይፈቀዳል። ሁለቱን ብሎኖች ጥቂት አላልቶ፣ ሴንሰሩን በዝግታ አዙሮ ቁጥሩ ሲደርስ ማጥበቅ፣ ካጠበቁም በኋላ ዳግመኛ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ሴንሰሩን ይዞት ሊሄድ ይችላልና።

ቀጥሎ በሩን በእጅ በጣም በዝግታ እስከ መጨረሻ መክፈት ነው። ቁጥሩ ሳይዘልና ሳይወድቅ እየጨመረ መሄድ አለበት፤ በሩ ፈጽሞ ሲከፈት በቶዮታዎቹ ከ3.2 እስከ 4.9 ቮልት ድረስ ይሆናል። በመካከል ቁጥሩ ድንገት ወደ ዜሮ ቢወድቅ ወይም ቢዘል የውስጡ መንገድ ተበልቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሴንሰር መለወጥ እንጂ ማስተካከል አያድነውም።

አራተኛ ሽቦ ያለው አሮጌ ሴንሰር ሲሆን፣ በበሩ ማቆሚያ ብሎንና በምላሱ መካከል በልክ የተሠሩ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች እየገቡ ይለካል። በቀጭኑ ቅጠል ጊዜ ሁለቱ ሽቦዎች ተገናኝተው መታየት፣ በወፍራሙ ጊዜ መለያየት አለባቸው። የቅጠሎቹ ውፍረት በሚሊሜትር ክፍልፋይ የሚቆጠርና ለእያንዳንዱ ሞተር የተለየ ስለ ሆነ ከመጽሐፉ ሳያዩ በግምት መሥራት አይገባም።

የሚኒሞው አስተካከል

አሁን ሞተሩ ተነሥቶ በደንብ ይሙቅ፤ የሙቀት ምልክቱ ከተለመደው ቦታው ይድረስ። ማርሹ ዜሮ ይሁን፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ መብራት፣ ሬዲዮና ማቀዝቀዣ ይጥፉ፤ የራዲያተሩ ማራገቢያ በሚዞርበት ጊዜ አይለካ። የሚፈለገው ዙር ብዙ ጊዜ በኮፈኑ ውስጥ በተለጠፈ ወረቀት ተጽፎ ይገኛል። በትናንሽ የቤንዚን አውቶሞቢሎች በአብዛኛው በደቂቃ ከ650 እስከ 850 ዙር ነው።

ኮምፒውተሩ ሚኒሞውን ራሱ ስለሚይዝ፣ እርሱ እየሠራ ሳለ ብሎን ማዞር ከሌላ ሰው ጋር በአንድ መሪ መታገል ይሆናል። ስለዚህ ፋብሪካው ባዘዘው መንገድ አስቀድሞ ኮምፒውተሩን ከሥራው ማሳረፍ ያስፈልጋል። በአንዳንድ አሮጌ ቶዮታዎች ይህ የሚደረገው በኮፈኑ ሥር ባለው የመመርመሪያ ሣጥን ውስጥ «ቲኢ 1» እና «ኢ 1» የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ በማገናኘት ነው። ቀዳዳ ተሳስቶ ማገናኘት ጉዳት ስለሚያመጣ የክዳኑን ጽሑፍ አንብቦ እርግጠኛ መሆን ይገባል።

ከዚያ የሚዞረው ብሎን የጎን አየር መንገዱ ብሎን ነው። በሩ የሚያርፍበት ማቆሚያ ብሎን በፋብሪካ ተለክቶ፣ ብዙ ጊዜም በቀለም ታትሞ የመጣ ስለ ሆነ አይነካም። በየጋራዡ ከሚታዩት ስሕተቶች ብዙውን ጥፋት የሚያመጣው ይህ ነው፤ ዙሩ ዝቅ ሲል ማቆሚያ ብሎኑን አጥብቆ በሩን በግድ መክፈት ለአንድ ቀን መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን በሩ ከቦታው ሲነሣ ሴንሰሩ ይሳሳታል፤ ሴንሰሩ ሲሳሳት ኮምፒውተሩ ይስታል፤ ቤንዚን ይባክናል፤ ያ ትሮትል ቦዲ ተፈቶ በሌላ መኪና ላይ ሲገጠምም ስሕተቱ አብሮት ይሄዳል። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ማቆሚያ ብሎኑ ላይ የካቻቢቴ ጭረት መኖሩን ማየት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ዙሩ በልክ ሲሆን የተገናኘውን ሽቦ ነቅሎ መብራትና ማቀዝቀዣ አብርቶ መፈተን፣ ነዳጅ ረግጦ በድንገት መልቀቅ ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ በሁለትና በሦስት ሰከንድ ወደ ሚኒሞው ከተመለሰ ሥራው ተፈጽሟል።

ገመድ የሌላቸው መኪናዎች

በአዲሶቹ መኪናዎች፣ ለምሳሌ በኋለኞቹ የቶዮታ ቪትዝና ያሪስ ሞዴሎች፣ በሩን የሚከፍተው ገመድ ሳይሆን ኮምፒውተሩ የሚያዘው ትንሽ ሞተር ነው። በእነዚህ ላይ የሚዞር ሴንሰርም የሚኒሞ ብሎንም የለም። ዕቃው ሲለወጥ ወይም ሲጸዳ ኮምፒውተሩ የበሩን አዲስ መዘጊያ «እንዲማር» ማድረግ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በአንዳንዶቹ ቁልፍ ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ማስነሣትና በሚኒሞ ለጥቂት ደቂቃ ማሠራት ይበቃል፤ በሌሎቹ፣ በተለይም በብዙ ኒሳኖች፣ የመመርመሪያ መሣሪያ ወይም በፋብሪካው የተወሰነ የቁልፍና የነዳጅ መስጫ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ በሩን በጣት መግፋት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ሞተሩ በድንገት ዘግቶ ጣት ይጎዳል፤ ጥርሱም ይሰበራል።

የአገራችን ከፍታና አቧራ

አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በባሕር ዳርቻ 1,013 ሚሊባር የሚሆነው የአየር ግፊት በዚህ ከፍታ 785 ሚሊባር ያህል ብቻ ነው። ባኮ ግን 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ግፊቱ ወደ 830 ይጠጋል። በዚህ ምክንያት ከባኮ ተነሥቶ ወደ ጌዶ የሚወጣ መኪና በጥቂት ሰዓት ውስጥ አየሩ ሲሳሳበት ያገኛል፤ ለዚያው ሚኒሞ ሰፋ ያለ የአየር መንገድ ይፈልጋል። ይህን የሚያደርግለት የሚኒሞ ቫልቩ ነው። ቫልቩ በጥላሸት ከተደፈነ ግን መኪናው በቆላ ደኅና ሠርቶ በደጋ ይጠፋል። እንግዲህ «ለደጋ አየር» ተብሎ ማቆሚያ ብሎን መንካት ስሕተት ሲሆን፣ ትክክለኛው መድኃኒት ቫልቩን ማጽዳት ነው።

ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠሩ ወረዳዎች በሚገባው የጠጠር መንገድ የበጋ አቧራ ብዙ ነው። የአየር ማጣሪያው ቤት ክዳን በደንብ ካልገጠመ አቧራው ትሮትል ቦዲውን ይበላዋል፤ አዲስ የተገዛውም የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል።

ነገሩ የሕይወትም ጉዳይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሲለቀቅ የሚጠፋ ሞተር የመሪውንና የፍሬኑን ረዳት ኀይል ይዞ ይሄዳል፤ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ከጥቂት እርግጫ በኋላ ይደነድናል። ሚኒሞው ያለ ልክ የበዛ መኪና ደግሞ፣ በተለይ ኦቶማቲክ ማርሽ ያለው፣ ፍሬን ተይዞ ሳለ ወደ ፊት ይገፋል። በገበያ ቀን ሰውና ከብት በሞላበት ጎዳና ይህ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለማንም ግልጥ ነው።

ለመለዋወጫ ነጋዴው

ከዚህ በላይ የተጻፈው የመካኒክ ሥራ ነው። ነገር ግን ጠቡ የሚጀምረው በሱቅ ስለ ሆነ የሚቀረውም በሱቅ ነው። ባለሱቅ የሆነ ሁሉ የሚከተሉትን ቢያደርግ ከብዙ ክርክር ይድናል።

የመኪናውን ስምና ዓመት ብቻ ሳይሆን የሞተሩን ዓይነትና የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው አይቶ ይመዝግብ። ኮሮላ ሁሉ አንድ አይደለም።

ገዢው አሮጌውን ዕቃ ይዞ እንዲመጣ ያድርግ፤ ሁለቱንም በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሶኬቱን ሽቦዎች ቁጥር፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን፣ የውኃና የአየር ጎማዎቹን አፍ ያስተያይ።

ያገለገለ ዕቃ ሲሆን ዘንጉ ወዲያና ወዲህ የሚነቃነቅ መሆን አለመሆኑን፣ በሩም ተለቆ በራሱ መዘጋቱን በገዢው ፊት ያሳይ።

ከትሮትል ቦዲው ጋር ጓርኒሲዮኑን አብሮ ይሽጥ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሳይሸጥ ቢቀር ግን የሚያመጣው ወጪ ብዙ ነው።

በደረሰኙ ላይ «ሲገጠም ሴንሰሩ ይለካ፤ ሚኒሞው ይስተካከል» የሚል አንድ መስመር ይጻፍ። የመመለሻውም ውል በግልጥ ይቀመጥ፤ ማለትም ዕቃ የሚመለሰው በሩ ተዘግቶና ተከፍቶ የተለካው ቮልት በወረቀት ተጽፎ ሲመጣ ነው ይባል። ይህ ሻጩንም ገዢውንም ይጠብቃል፤ ደኅናው ዕቃ ደኅና፣ ብልሹውም ብልሹ መሆኑ በቁጥር ይታወቃልና። ብልሹ ሆኖ ሲገኝም ሻጩ ያለ ክርክር ይለውጥ።

አስመጪ የሆነ ነጋዴ በበኩሉ ዕቃ ሲያዝ ሴንሰሩና ሚኒሞ ቫልቩ አብረው ያሉበትን፣ የፋብሪካ ቁጥሩም በግልጥ የሚነበብበትን ቢመርጥ መልካም ነው። ዋጋው ጥቂት ቢበልጥም የሚመለስበት ዕቃ ያንሳል። የጥገና መጽሐፉን የሚመለከተውን ገጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አስተርጉሞ ከዕቃው ጋር የሚሰጥ አስመጪ ቢኖር ደግሞ የአምቦ፣ የጉደርና የጊንጪ ጋራዦች ሁሉ ደንበኞቹ እንደሚሆኑ አያጠራጥርም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገራችን ሰው። ለሾፌሩ ችኮላ፣ ለባለመኪናው ቀጠሮ ተብሎ ሳይለካ የታሰረ ሴንሰር መኪናውን ዳግመኛ ወደ ጋራዥ ይመልሳል። በሁለት ብሎንና በአንድ ቴስተር በግማሽ ሰዓት የሚያልቀውን ሥራ አስቀድሞ መሥራት ለመካኒኩ ስሙን፣ ለባለሱቁ ደንበኛውን፣ ለነጋዴውም የገበያ ቀኑን ያቆይለታል። አንባቢው መኪናውን ለጥገና ሲሰጥ «ተገጠመ ወይ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ስንት ቮልት ሆነ? ሚኒሞው ስንት ላይ አረፈ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ከደረሰኙ ጀርባ ጽፎ ያኑረው።